ወጣትነት ከሽንት ቤት ይገኛል ወይ?

ምሳ እየበላችሁ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ቆይታችሁ አንብቡት። የማወራው ስለ ሰገራ ነው። ያውም የአንዱን ሰው ሰገራ ወደ ሌላው ሰው አንጀት ስለማስገባት።

ሰሞኑን የሚላክልኝ ቪዲዮ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኗል። «የወጣት ሰገራ ሽማግሌን መልሶ ወጣት ያደርጋል» ይላል። ለእኔ የሚልኩልኝ ከአዛውንቶች ጋር ስለምሠራ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ አንድ ነርሲንግ ሆም የሌሊት ሺፍት ነኝ። አሜሪካ ያላችሁ ሐበሾች ሥራውን ታውቁታላችሁ። እናንተ ባትሠሩት እህታችሁ ወይም የዕቁብ ጓደኛችሁ ሠርታዋለች።

ቪዲዮዎቹን ውሸት ናቸው ብዬ ልገላገል አልቻልኩም። ውስጣቸው እውነት አለ። አንዱ ነገር በሰው ላይ ተሞክሮ፣ ነፍስ አድኖ፣ ፈቃድ ያገኘ ሕክምና ነው። ሌላው ገና ዓሣና አይጥ ላይ ያለ ተስፋ ነው። ሁለቱን አደባልቆ የሚሸጥ ሰው ግን በዝቷል።

ከተረጋገጠው ልጀምር፤ እሱን በዓይኔ አይቼዋለሁና።

እኛ ሠራተኞቹ «ሲ ዲፍ» የምንለው በሽታ አለ። ባክቴሪያው ሙሉ ስሙ ክሎስትሪዲዮይዲስ ዲፊሲሌ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሲገኝ በሩ ላይ ምልክት ይለጠፋል። ከመግባትህ በፊት ጋውን ትለብሳለህ፣ ጓንት ታጠልቃለህ። ስትወጣ ሳኒታይዘር አይበቃም። እጅህን በሳሙናና በውሃ ፈትገህ ትታጠባለህ። ባክቴሪያው ስፖር የሚባል ጠንካራ ቅርፊት ውስጥ ስለሚደበቅ አልኮል አይገድለውም። አልጋው፣ የበር እጀታው፣ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ሳይቀር በበረኪና ይታሻል። ስፖሩ በደረቅ ዕቃ ላይ ለወራት መቆየት ይችላል። ሽታው ደግሞ ለብቻው ነው። የቆየ ሠራተኛ ገና ኮሪደር ላይ ሳለ «ይሄማ ሲ ዲፍ ነው» ይላል። ላብራቶሪው ሁልጊዜ አይስማማለትም፣ እሱም ሁልጊዜ ከአቋሙ ፍንክች አይልም።

አንድ አዛውንት ነበሩ። ለሳንባ ምች አንቲባዮቲክ ወስደው ከሆስፒታል ተመለሱ። ሳምንትም ሳይሞላቸው ተቅማጡ ጀመራቸው። በአንድ ሌሊት ደጋግመን አንሶላ እንቀይራለን። ቆዳቸው ተላጠ። ሰውዬው ኩሩ ነበሩ። ዳይፐር ስንቀይርላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፣ ስንጨርስ «አዝናለሁ» ይሉናል። እኛ ደግሞ «ኧረ ምንም አይደል» እንላለን። ቫንኮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ተሰጣቸው፣ ቆመላቸው። መድኃኒቱን ሲጨርሱ ተመልሶ መጣ። እንደገና ተሰጣቸው፣ እንደገና ቆመ፣ እንደገና ተመለሰ።

ይሄ የሳቸው ብቻ ዕጣ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 በአሜሪካ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በሲ ዲፍ ተይዟል፤ ወደ 29 ሺህ የሚሆነው በአንድ ወር ውስጥ ሞቷል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ከ65 ዓመት በላይ ነበሩ።

ለምን ይመላለሳል? አንጀታችን ውስጥ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። አብዛኞቹ ክፉ አይደሉም። እኛ መፍጨት ያቃተንን አሰር (ፋይበር) ይፈጩልናል፣ የአንጀታችንን ግድግዳ ይጠብቃሉ፣ ቦታ ይዘው መጤውን አያስገቡም። ከሐሞት የሚመጣውን አሲድ ደግሞ ሲ ዲፍን ወደሚያፍን ሌላ ዓይነት አሲድ የሚቀይሩ አሉ። አንቲባዮቲክ ሲመጣ ጥሩውንም መጥፎውንም አብሮ ይጠርገዋል። አሲዱን የሚቀይር ይጠፋል። ያልተቀየረው የሐሞት አሲድ ጭራሽ ስፖሩን «ተነሥ» ብሎ የሚቀሰቅሰው ሆኖ ያርፋል። በሽተኛው ሌላ አንቲባዮቲክ ሲጨመርለት ሲ ዲፉ ይሞታል፣ ጠባቂዎቹም አይተርፉም። ስፖሩ ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

እርሾዋ የሞተባት ሴት ምን ታደርጋለች? ዕቃውን ስታጥብ አትውልም፤ ጎረቤት ሄዳ እርሾ ትዋሳለች። የሰገራ ንቅለ ተከላ በአጭሩ ይኸው ነው። ጤነኛ ሰው ይፈለጋል። ሰገራው ይመረመራል፣ በጨው ውሃ ይበጠበጣል፣ ይጣራል፣ ከዚያ በኮሎኖስኮፒ (በፊንጢጣ በሚገባ የአንጀት መመልከቻ) ወይም በቱቦ ወይም በኪኒን መልክ ወደ በሽተኛው ይገባል።

ሐሳቡ የትናንት እንዳይመስላችሁ። በ4ኛው መቶ ዘመን ገ ሆንግ የሚባል ቻይናዊ ሐኪም ለከባድ ተቅማጥ የሰው ሰገራ በጥብጦ በአፍ ይሰጥ እንደነበር ተጽፏል። በኋላ ዘመን ቻይናዎቹ «ቢጫ ሾርባ» የሚል የቁልምጫ ስም አውጥተውለታል። በ1958 ዴንቨር ውስጥ ቤን አይስማን የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪምና ባልደረቦቹ፣ ከአንቲባዮቲክ በኋላ አንጀታቸው ክፉኛ ለታመመ 4 በሽተኞች ሰገራ በጥብጠው በፊንጢጣ ሰጡ። አራቱም ዳኑ። ከዚያ ነገሩ ለረጅም ጊዜ ተረሳ። አንቲባዮቲክ ገና አዲስና ድንቅ በነበረበት ዘመን ማን ስለ ሰገራ ያውራ!

ከዚያ ታሪኩ እኔ ወዳለሁበት ግዛት ይመጣል። በ2008 ሚኒያፖሊስ ውስጥ አሌክሳንደር ኮሩትስ የሚባል ሐኪም አንዲት ሴት ያክማል። በተቅማጥ ብዛት ወደ 27 ኪሎ ቀንሳለች። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ናት። አንቲባዮቲኩ ሁሉ አልቋል። ሐኪሙ የባሏን ሰገራ ወስዶ ሰጣት። ተቅማጡ ወዲያው ቆመ። ኮሩትስና ባልደረቦቹ ግን በመዳኗ ብቻ አላበቁም። ከሕክምናው በፊትና በኋላ በአንጀቷ ያለውን ባክቴሪያ በዘረ መል መረመሩ። በፊት መኖር የነበረባቸው ዓይነቶች ጠፍተዋል። በኋላ ደግሞ የባሏ ባክቴሪያዎች ገብተው፣ ጎጆ ቀልሰው፣ ተደላድለው ተገኙ። ጋብቻ ማለት እንዲህ ነው፤ ንብረት መጋራትማ ማንም ይጋራል።

ጥርጣሬውን የሰበሩት ሆላንዶች ናቸው። በ2013 ያወጡት ጥናት በሽተኞችን በዕጣ ከፋፍሎ ነበር። ሰገራ ከተሰጣቸው 16 ሰዎች 13ቱ በአንድ ጊዜ ዳኑ። ከቀሩት 3 ሰዎች 2ቱ ሁለተኛ ሲሰጣቸው ተሻላቸው። በቫንኮማይሲን ብቻ ከታከሙት 13 ሰዎች የዳኑት 4 ነበሩ። ልዩነቱ በጣም ስለሰፋ ጥናቱን ከታሰበው ቀን በፊት አቆሙት። ሌሎቹን በሽተኞች ማስጠበቅ ነውር ሆነባቸው።

የኛም አዛውንት በመጨረሻ ሆስፒታል ሄደው ተሰጣቸው። ሲመለሱ በሩ ላይ ያለው ምልክት ተነሣ። ምግብ ክፍል ወርደው ከሰው ጋር መብላት ጀመሩ።

ይህን ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። እሷ አዲስ አበባ ናት።

«እማዬ፣ የጤነኛ ሰው ሰገራ አጣርተው በሽተኛው አንጀት ውስጥ ይጨምሩታል።»

«ምን አልከኝ?»

«መድኃኒት ነው እኮ።»

«በስመ አብ! አሜሪካ የሄድከው ይሄንን ልታይ ነው?» ትንሽ ዝም አለች። «ሰውዬው ግን ዳነ?»

«ድኗል።»

«እንግዲህ ከዳነ…» አለችና ወሬውን ወደ ሽንኩርት ዋጋ አዞረችው።

እናቴ ራሷ ሆዷን ሲቆርጣት ፋርማሲ ብቅ ብላ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዝታ የምትመጣ ሴት ናት። የሐኪም ወረቀት የሚጠይቃት የለም። ሁለት ቀን ውጣ ሲሻላት የተረፈውን ለጎረቤት ታካፍላለች። በደግነት ነው የምታደርገው። እዚህ ሆኜ ስንቱን አንጀት በአንድ ፍሬ ኪኒን እንደምትጠርግ ሳስብ ግን ይጨንቀኛል። ስነግራት «እሺ ልጄ» ትላለች። «እሺ» ማለቷ መስማማቷ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ዛሬ ነገሩ በኪኒን መጥቷል። በ2022 መጨረሻ የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ሬቢዮታ የሚባለውን በፊንጢጣ የሚሰጥ ምርት ፈቀደ። በ2023 ሚያዝያ ቫውስት የሚባለውን ኪኒን አስከተለ። ቫውስት ከለጋሽ ሰገራ የተጣሩ ጥሩ ባክቴሪያዎች ስፖር ነው። በቀን 4፣ ለ3 ቀን ይዋጣል። በጥናቱ ላይ ኪኒኑን ከወሰዱት በ8 ሳምንት ውስጥ በሽታው የተመለሰባቸው 12 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ባዶ ኪኒን ከዋጡት ግን 40 በመቶ ገደማ ናቸው። ዋጋው ሲወጣ ከ17 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። አዎ፣ ለ12 ፍሬ ኪኒን። ሁለቱም የተፈቀዱት ተደጋግሞ ለሚመለስ ሲ ዲፍ ብቻ ነው። ለሽበት፣ ለጉልበት፣ ለመርሳት አይደለም።

እንግዲህ ወደ እርጅናው እንምጣ።

እርጅናን ከአንጀት ጋር ያገናኘው ሰው ኤሊ ሜችኒኮፍ ነው። ፓሪስ፣ ፓስተር ኢንስቲትዩት ውስጥ ይሠራ የነበረ የሩሲያ ግዛት ተወላጅ ነው። በ1908 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ነጭ የደም ሴሎች ጀርም እንደሚውጡ በማሳየቱ ነው። ዕድሜው ሲገፋ ሌላ ሐሳብ ያዘው። የሚያስረጀን በትልቁ አንጀት ውስጥ ያለው ብስባሽ ነው አለ። የቡልጋሪያ ገበሬዎች ረጅም ዕድሜ የሚኖሩት እርጎ ስለሚጠጡ ነው ብሎ አመነ። ራሱም በየቀኑ የረጋ ወተት ይጠጣ ነበር። አውሮፓ በእርጎ አበደ። ሜችኒኮፍ በ71 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። ለዘመኑ መጥፎ ዕድሜ አይደለም፤ ግን ማቱሳላም አልሆነም።

ከእሱ በኋላ ነገሩ ለረጅም ጊዜ መሳቂያ ሆነ። በ2017 አንዲት ትንሽ ዓሣ መለሰችው።

ዓሣዋ ኪሊፊሽ ትባላለች። ዚምባብዌና ሞዛምቢክ አካባቢ ዝናብ በፈጠረው ኩሬ ውስጥ ትኖራለች። ኩሬው ሳይደርቅ መወለድ፣ ማደግ፣ መራባትና ማርጀት አለባት። ሕይወቷ በወራት የሚቆጠር ነው። ለእርጅና ተመራማሪ ከዚህ የተሻለ እንስሳ ከየት ይመጣል? ኮሎኝ፣ ጀርመን የሚገኘው የማክስ ፕላንክ የእርጅና ጥናት ተቋም ሰዎች ዕድሜያቸው እኩሌታ የደረሰ ዓሣዎችን ወሰዱ። የአንጀታቸውን ባክቴሪያ በአንቲባዮቲክ ጠረጉ። ከዚያ የወጣት ዓሣ አንጀት ውስጥ ያለውን ነገር ወደ ውሃቸው ጨመሩ። ዓሣዎቹ ካልታከሙት ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖሩ። መኖር ብቻም አይደለም፤ እኩዮቻቸው ፈዝዘው ሲንሳፈፉ እነሱ እንደ ወጣት ይዋኙ ነበር። አንድ የምትገርም ነገር ግን አለች። አንቲባዮቲክ ብቻ የተሰጣቸውም ዕድሜያቸው ትንሽ ረዝሟል። ስለዚህ ከጥቅሙ የተወሰነው የመጣው ከወጣቱ ሳይሆን አሮጌውን ከማጥፋት ነው ማለት ነው። ቪዲዮዎቹ ይቺን አይነግሯችሁም።

ከዓሣ በኋላ አይጥ መጣ። በ2021 አየርላንድ፣ ኮርክ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው 19 እና 20 ወር ለሆኑ ሽማግሌ አይጦች ከ3 እና 4 ወር ወጣቶች ሰገራ እየወሰዱ ለ8 ሳምንት ሰጡ። ከዚያ በውሃ በተሞላ ገንዳ ፈተኗቸው። ውሃው ውስጥ የማይታይ መቆሚያ አለ። አይጡ ቦታውን ማስታወስ አለበት። የወጣት ሰገራ የወሰዱት ሽማግሌዎች መንገዱን በተሻለ አስታወሱ። አእምሯቸው ውስጥ የትዝታ ሥራ በሚሠራው ክፍል ያለው ኬሚስትሪም ወደ ወጣትነት ያዘነበለ ነበር። ሁሉም ነገር ግን አልተመለሰም። ከሌሎች አይጦች ጋር ያላቸው ቅርርብ እንደ ሽማግሌ ቀረ።

በቀጣዩ ዓመት ኖሪች፣ እንግሊዝ አገር ያሉ ሰዎች ነገሩን በሁለቱም በኩል ሞከሩት። የሽማግሌ ሰገራ ለወጣት አይጥ ሲሰጥ የአንጀቱ ግድግዳ ማሾለክ ጀመረ፣ ዓይኑና አእምሮው ውስጥ የመቆጣት (ኢንፍላሜሽን) ምልክት ታየ። የወጣት ለሽማግሌ ሲሰጥ ተገላቢጦሽ ሆነ። ነገሩ ሊያስኬድ የሚችለው ለዚህ ነው። ሰው ሲያረጅ ሰውነቱ ያለ ቁስል በትንሽ በትንሹ ይቆጣል። ይህ ዝግ ያለ መቆጣት ከልብ፣ ከስኳርና ከመርሳት በሽታ ጋር ይያያዛል። አንዱ ምንጩ አንጀት ሊሆን ይችላል። ግድግዳው ሲሳሳ የባክቴሪያ ፍርፋሪ ወደ ደም ይገባል፣ ሰውነትም ጠላት መጣ ብሎ ይነሣል።

እዚህ ድረስ ሳነብ ልቤ ተነሥቶ ነበር። ከዚያ የሲንጋፖሩን ጥናት አገኘሁ።

በ2019 የወጣ ነው። ተመራማሪዎቹ የሽማግሌ አይጥ ባክቴሪያ ወስደው፣ አንጀታቸው ውስጥ ምንም ጀርም ለሌለ ወጣት አይጦች ሰጡ። ምን ትጠብቃላችሁ? እርጅና። የሆነው ሌላ ነው። የወጣቶቹ አእምሮ አዳዲስ የነርቭ ሴሎች ማፍራቱ ጨመረ፣ አንጀታቸውም አደገ። የሽማግሌው ባክቴሪያ ቡቲሬት የሚባል ጠቃሚ ንጥረ ነገር አብዝቶ ይሠራ ነበር። እንደ ተመራማሪዎቹ ግምት፣ እያረጀ ያለውን ቤት ለመደገፍ ባክቴሪያው ሥራውን ጨምሯል።

በቃ እዚህ ላይ «ወጣት ጥሩ፣ ሽማግሌ መጥፎ» የሚለው ተረት ለእኔ ፈረሰ። ደግሞም አይጥ የሌላውን አይጥ ኩስ በየቀኑ የሚበላ እንስሳ ነው። ለእሱ ይህ ሕክምና ሳይሆን ቁርስ ነው። አይጥ ላይ የያዘ ነገር ሰው ላይ ይይዛል ብሎ መማል ይከብዳል።

ሰው ላይ ያለውን ልንገራችሁ። ሆላንዶቹ ሜታቦሊክ ሲንድሮም (ቦርጭ፣ የደም ግፊትና የስኳር መጨመር ተደራርበው ሲመጡ) ላለባቸው ወፍራም ወንዶች የቀጫጭን ሰዎችን ሰገራ ሰጥተው ነበር። ከ6 ሳምንት በኋላ ሰውነታቸው የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ኢንሱሊን ያለው ምላሽ ተሻሻለ። በሌላ ተከታይ ጥናት 18ኛው ሳምንት ላይ ሲያዩት ጥቅሙ ጠፍቷል። አዲሶቹ ባክቴሪያዎች ገቡ፣ አዩ፣ ወጡ። ለምን አይወጡ? የሚቀርብላቸው ምግብ ያው የድሮው ነው።

ይህች ነጥብ ናት ወደ ሥራዬ የምትመልሰኝ። በ2012 ኮርክ ያሉ ተመራማሪዎች የ178 አዛውንቶችን አንጀት መርምረው ነበር። በየቤታቸው የሚኖሩት አዛውንቶች አንጀት በብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የተሞላ ነው። በእንክብካቤ ተቋም ለረጅም ጊዜ የኖሩት ግን ዓይነቱ ሳስቶባቸዋል። ልዩነቱ ከሚበሉት ጋር አብሮ ይሄዳል። አንጀታቸው የሳሳው ሰዎች ይበልጥ ደካሞችም ነበሩ።

ሳነበው የኛ ቤት ምሳ ትሪ ነው የታየኝ። የተፈጨ ድንች። ነጭ ዳቦ። በሹካ የሚቆረጥ ለስላሳ ዶሮ። በትንሽ ኩባያ ፑዲንግ። ለጥርስ ቀላል፣ ለመዋጥ ቀላል፣ ለማቅረብ ቀላል። ማኅደር ላይ «75 በመቶ በልተዋል» ተብሎ ይጻፋል። በሰውዬው አንጀት ውስጥ ላሉት ግን ምን ያህል ደረሳቸው? እነሱ የሚበሉት አሰር ነው። አሰሩ የለም። ወጥ ቤት ያሉትን አልወቅስም። ባላቸው ሰውና በጀት ተአምር ነው የሚሠሩት። ግን የወጣት ሰገራ በ17 ሺህ ዶላር አስገብቶ ከላይ ፑዲንግ መላክ ለእኔ ገንዘብ መድፋት ነው።

አንዲት ሐበሻ እናት ነበሩን። ልጆቻቸው በየተራ ምግብ ያመጣሉ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ እንጀራው ለብቻ ተጠቅልሎ። «እማማ፣ ይህንን ሁሉ ይጨርሱታል?» ስላቸው «አንተ ካገዝከኝ» ይሉና ያጎርሱኛል። በደንቡ ከነዋሪ ምግብ አይበላም። ጉርሻ እምቢ ማለት ደግሞ በማን ደንብ ይፈቀዳል! የአንጀት ባለሙያ ያን ሳህን ቢያየው ደስ የሚለው ይመስለኛል። ጤፍ፣ ምስር፣ ሽምብራና ጎመን ሁሉም አሰር ያላቸው ናቸው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላስተካክል። «እንጀራ ፕሮባዮቲክ ነው» የሚል ፖስት በየቀኑ አያለሁ። ሊጡ አዎ፣ በሕይወት የሚንቀሳቀስ ነገር አለበት። ምጣድ ላይ ሲወጣ ግን ያ ሁሉ ይሞታል። የእንጀራ ጥቅሙ አሰሩ ነው። በሕይወት ያለ ባክቴሪያ ከፈለጋችሁ ከረጋ በኋላ እሳት ላይ ያልተጣደ እርጎ አለላችሁ። ስታንፎርድ ላይ በ2021 በወጣ ጥናት፣ ለሳምንታት እንደ እርጎ ያለ የተብላላ ምግብ አብዝተው የበሉ ሰዎች የአንጀት ባክቴሪያቸው ዓይነት ጨምሯል፣ በደማቸው ያለው የመቆጣት ምልክትም ቀንሷል። ሜችኒኮፍ ጨርሶ አልተሳሳተም ማለት ነው።

እዚሁ ሚኒሶታ የተሠራ ሌላ ጥናት አለ። ስደተኛ የሆናችሁ አንብቡት። በ2018 የወጣ ነው። መነሻቸው ደቡብ ምሥራቅ እስያ የሆነ ከ500 በላይ የህሞንግና የካረን ሕዝብ ሴቶች ተመረመሩ። አንዳንዶቹ ገና ታይላንድ ያሉ፣ አንዳንዶቹ አሜሪካ የገቡ፣ አንዳንዶቹ እዚሁ የተወለዱ ናቸው። አሜሪካ በገቡ በወራት ውስጥ የአገራቸውን ባክቴሪያ ማጣት ጀምረዋል። አሰር የሚፈጩት ዓይነቶች ከሚጠፉት ውስጥ ናቸው። እዚህ የተወለዱት ላይ ደግሞ ኪሳራው ብሷል። እኛ ሐበሾቹ አልተመረመርንም። ግን ከአየር ማረፊያ ወጥተን የገባንበት ሱፐርማርኬት አንድ ነው።

ረጅም ዕድሜ የኖሩ ሰዎች ምን አላቸው ለሚለው ጃፓኖች አንድ ፍንጭ ሰጥተዋል። በአማካይ ዕድሜያቸው 107 የሆኑ 160 ሰዎችን አጠኑ። አንጀታቸው ውስጥ ለየት ያለ የሐሞት አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች አገኙ። አንዱ አሲድ ሲ ዲፍን ራሱ ያፍናል። የእኛን ኮሪደር የሚያገማውን ማለቴ ነው። እዚያ ዕድሜ ያደረሳቸው ይሄ ነው ወይስ እዚያ ዕድሜ ሲደርሱ የመጣ ነው? ጥናቱ ያን አይመልስም። ለእኔ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። የተመረመሩት የ107 ዓመት ሽማግሌዎች ናቸው። ምናልባት የሚፈለገው ለጋሽ የ20 ዓመት ጎረምሳ ሳይሆን የ100 ዓመት አያት ይሆናል። ያን ቪዲዮ የሚሠራልኝ አጥቻለሁ።

አሁን ስለ አደጋው። ቤታቸው በብሌንደር የሚሞክሩ ሰዎች አሉና ጠበቅ አድርጌ ልናገር። በ2019 አሜሪካ ውስጥ ለጥናት ከአንድ ለጋሽ ሰገራ የወሰዱ ሁለት ሰዎች፣ መድኃኒት የማይበግረው ኢ ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ደማቸው ውስጥ ገባ። አንዱ ሞተ። ይህ የሆነው ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ፣ በባለሙያ እጅ ነው። ሰገራው ያ ባክቴሪያ መመርመር ከመጀመሩ በፊት የተዘጋጀ ነበር። ሌላ ሴት ደግሞ ከሲ ዲፍ ብትድንም፣ ከወፍራም ልጇ ሰገራ ከወሰደች በኋላ ክብደቷ ክፉኛ ጨምሯል። ሰገራው ነው ያወፈራት ብሎ በአንድ ሰው መፍረድ አይቻልም፤ ግን ሐኪሞቹ በጽሑፍ ያወጡት ሌላው እንዲጠነቀቅ ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ በ2012 የተቋቋመው ኦፕንባዮም የሚባል የሰገራ ባንክ ለመለገስ ከሚመጡት 100 ሰዎች የሚያልፉት ከ3 አይበልጡም ነበር። ሃርቫርድ መግባት ይቀላል። እናንተ የወንድማችሁን ልጅ «ጤነኛ ይመስላል» ብላችሁ ልትጠቀሙ ነው?

ሃርቫርድን ካነሣሁ አይቀር፣ በ2022 እዚያ ያሉ ተመራማሪዎች ሌላ ሐሳብ አቅርበዋል። ሰው ወጣትና ጤነኛ ሳለ የራሱን ሰገራ አስቀዝቅዞ ያስቀምጥ፣ ሲያረጅ ወይም ሲታመም የራሱን መልሶ ይውሰድ ይላሉ። ከሌላ ሰው የሚመጣ በሽታ የለም፣ ሰውነትም የሚያውቀው ነው። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ችግሩ በፈሳሽ ናይትሮጅን ለ40 እና 50 ዓመት የሚቀመጥ ነገር ኪራዩ ነው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ዋጋው ለሁሉም እንደማይሆን ጠቅሰዋል።

የእህቴ ልጅ 22 ዓመቱ ነው፣ ይህን ስነግረው በሳቅ ሞተ። «አጎቴ፣ እኔ እኮ ሦስት ቀን ሙሉ ፒዛ ነው የበላሁት፣ ምኑን ነው የማስቀምጠው?» አለኝ። ልጁ እውነቱን ነው። የ22 ዓመት ልጅ ሰገራ ሁሉ የወጣት ሰገራ አይደለም። ቅዳሜ እኔ ጋ መጥቶ ምስር እንዲበላ ተስማምተናል። እሱ ደግሞ ፒዛ ይዤ ካልመጣሁ አልመጣም ብሏል፤ እስካሁን እየተከራከርን ነው።